ለልጄ የቱን ልግዛላት? ግራ ገብቶኛል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ልጄ 4 ዓመቷ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ 1 ዓመት ተኩል። ፊደልና ቁጥር እየተጫወተች የምትለማመድበት የኤሌክትሮኒክስ መጫወቻ ስፈልግ ሁለት ሳምንት ሆነኝ።

መጀመሪያ የገዛሁላት አልሆነም። ቁልፉን ስትጫነው ይዘፍናል፣ ያበራል፣ ያጨበጭባል። እሷም ለዘፈኑ ብላ ያንኑ ቁልፍ ደጋግማ ትጫናለች እንጂ ምንም አታስብም። ድምፁ እንኳ አይቀነስም። በሦስተኛው ቀን ሰለቻት።

አሁን በሁለት ነገር መሃል ተወጥሬያለሁ። አንዱ እንደ ሊፕፍሮግ ያለ የልጆች ታብሌት ነው። ሌላው እንደ ቶኒቦክስ ያለ፣ ስክሪን የሌለው፣ ትንሽ አሻንጉሊት ሲቀመጥበት ተረት የሚያሰማ ሣጥን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ካነሰም የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ለ1 ዓመት ልጅ ደግሞ ጭራሽ አይመክርም። ታናሽየው አጠገቧ ሆኖ ማየቱ አይቀርም፤ ልቤ ወደ ሣጥኑ ያደላው ለዚህ ነው። ግን ሣጥኑ ፊደል በእጇ አያስጽፋትም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ባትሪው ነው። እንደ ሳንቲም ያለችው ክብ ባትሪ ከተዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። ስለዚህ የባትሪው ክዳን በብሎን የሚታሰር ካልሆነ አልገዛም።

እባካችሁ፣ ለዚህ ዕድሜ ልጅ የገዛችሁ ንገሩኝ። ከወር በኋላም ይጫወቱበታል? ሲከብዳቸው ጨዋታውን ያቀልላቸዋል? ያለ ኢንተርኔትስ ይሠራል? ደግሞ ሲወድቅ የሚችል መሆን አለበት፤ ወንድሟ ያገኘውን ሁሉ ይወረውራል።