«ቅድሚያ ሦስት» ማለት ሦስተኛ ተራ አይደለም ለካ፤ አሁን ምን ላድርግ?

የአንድ ልጅ እናት (ሰሜን ቨርጂኒያ)፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ልጄ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት፤ አይናገርም፤ በሳቅ ግን የሚቀድመው የለም። ሜዲኬድ (የመንግሥት የጤና መድን) እንደ እሱ ያለ ልጅ ተቋም ሳይገባ ቤቱ እንዲረዳ የሚከፍልበት ዌቨር የሚባል ነገር አለ፤ በእሱ ወረፋ ውስጥ ያለፈ ሰው ካለ እንዲመክረኝ ነው የምጽፈው። ነገሩ ያሳፍራል፤ ቢሆንም እንዳለ ልንገራችሁ።

ከአራት ዓመት በፊት አንዲት ሴት ልጄን ልትገመግም ከመንግሥት ቢሮ ቤታችን መጣች። እንግዳ ሊመጣ ነው ብዬ ሌሊቱን ቤት ሳጸዳ አደርኩ። ልጄ ነክሶ የቦጨቀውን የሶፋ ጠርዝ በጋቢ ሸፈንኩት። በራችን ላይ ሦስት ቁልፍ አለ፤ እስር ቤት እንዳይመስል ብዬ የላይኛውን መቀርቀሪያ ፈትቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ልጁን አጥቤ የጥምቀት ልብሱን አለበስኩት። እሱም እንደ ተመካከርን ሁሉ ያን ቀን ጸጥ ብሎ የውሃ ጠርሙስ ክዳን ሲያሽከረክር ቆየ። ቡና አፈላሁ፤ ዳቦ ቆረስኩ። አስተርጓሚው በስልክ ነበር፤ ስልኩ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጦ ይናገራል።

«ሌሊት ይተኛል?» አለች። «ተመስገን፣ ደህና ነው» አልኩ። «ራሱን ወይም ሌላ ሰው ይጎዳል?» «ኧረ በጭራሽ፣ የዋህ ልጅ ነው።» ይህን ስመልስ የጥርሱ ምልክት ግራ ክንዴ ላይ ነበር፤ ሹራቤ ሸፍኖታል። «እርስዎስ አልከበደዎትም?» «ልጄ አይደል፣ ምን ይከብደኛል።» ባዕድ ሰው ፊት ልጄን የማማ መስሎኝ ነው። ሴትዮዋ የነገርኳትን ሁሉ ጽፋ፣ ቡናዋን ጠጥታ፣ አመስግና ሄደች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደብዳቤ መጣ። ልጁ ብቁ ነው፤ በተጠባባቂዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ «ቅድሚያ ሦስት» ይላል። የእኔ እንግሊዝኛ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ነው። ሦስተኛ ነን ብዬ ተረዳሁት! ባለቤቴ ከሌሊት ሥራ ሲመለስ በር ላይ ጠብቄ «ከፊታችን ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለው» አልኩት። ድፎ ዳቦ ደፋሁ። አራት ዓመት ሙሉ እነዚያን ሁለት ሰዎች ሳስብ ኖርኩ። ቶሎ እንዲደርሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሻማ አብርቼላቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት ውስጥ አንዲት ሱዳናዊት እናት ደብዳቤውን አይታ ሦስት የሚለው የመደባችን ቁጥር እንደሆነ፣ እሱም የመጨረሻው መደብ እንደሆነ ነገረችኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ብዙ ተቀመጥኩ።

ልጄ አሁን ትከሻዬ ጋ ደርሷል። ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በባዶ እግሩ ወጥቶ መኪና ማቆሚያው ውስጥ በረዶ ላይ አገኘሁት። ዳላስ ያለው ወንድሜ ደግሞ «ቤት እዚህ ርካሽ ነው፣ ኑ» እያለ ይወተውተናል። ቅድሚያው ሊቀየር ይችላል? ብንሄድስ የጠበቅነው አራት ዓመት ይቆጠርልናል?

የሁለት ልጆች አባት (ሪችመንድ)፦

እህቴ፣ በሻማው አትቆጪ። እነዚያ ሁለት ሰዎች ምናልባት እኛ ነበርን፤ ለልጃችን ዌቨሩ ከደረሳት ሁለት ዓመት ሆኗታል።

የመጀመሪያው መልስ፦ አዎ፣ ይቀየራል። እናንተ የምትጠብቁት የቨርጂኒያ ዲዲ ዌቨር (የዕድገት እክል ላለባቸው የሚሰጠው) እንደ ታክሲ ሰልፍ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ የሚሳፈርበት አይደለም። ቅድሚያ አንድ የሚባለው በአንድ ዓመት ውስጥ አገልግሎቱ የግድ የሚያስፈልገው ሰው ነው፤ ቅድሚያ ሁለት ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ሊቆይ የሚችል፤ ቅድሚያ ሦስት ከአምስት ዓመት በላይ መጠበቅ ይችላል የተባለ ነው። አንቺ «ምን ይከብደኛል» ስትዪ እነሱ «መጠበቅ ትችላለች» ብለው ጻፉ። ቦታ ሲገኝ ከአካባቢው ነዋሪዎች የተውጣጣ ኮሚቴ ቁጭ ብሎ ከቅድሚያ አንድ ውስጥ የባሰበትን ይመርጣል። ኮሚቴው ልጅሽን አያየውም፤ የሚያየው ወረቀቱን ነው።

በ2024 የክልሉ ምክር ቤት ለሁለት ዓመት በጀት ከ3,400 በላይ አዲስ ቦታ ፈቅዶ ነበር፤ ዓላማውም በዋናነት ቅድሚያ አንድ ላይ ያሉትን ማንሳት ነው። ቅድሚያ ሦስት ላይ ተቀምጦ ይህን ዜና መስማት የሌላ ሰው ሠርግ ሙዚቃ እንደ መስማት ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ኮሚዩኒቲ ሰርቪስ ቦርድ (ቅድሚያውን የሚገመግመው የአካባቢያችሁ ቢሮ) ደውለሽ «ሁኔታችን ተለውጧል፣ ቅድሚያው እንደገና ይታይልኝ» በይ። ይህን በማንኛውም ጊዜ መጠየቅ ይቻላል። የልጁ ጠባይ ለራሱ ወይም ቤት ውስጥ ላለ ሰው ጤናና ደኅንነት አደጋ ከሆነና ወላጅ ሊቆጣጠረው ካቃተው ለቅድሚያ አንድ አንዱ መስፈርት ነው። የአሳዳጊው የቆየ ሕመምም እንዲሁ። አንቺ ወገብሽን ያምሽ እንደሆነ አልነገርሽንም፤ ትከሻሽ የደረሰ ልጅ እያነሳሽ ግን የማያምሽ አይመስለኝም።

እኛን ያወጣን የአንድ ዶላር ደብተር ነው። ባለቤቴ ለሦስት ወር በየሌሊቱ ጻፈች። «አትተኛም» ብላ አይደለም። «ሰኞ፦ ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ነቅታ ግድግዳ በጭንቅላቷ መታች፤ ሁለት ጊዜ ልብስ ቀየርኩላት» ብላ ነው። ገምጋሚው ደብተሩን ገልጦ ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ።

ሁለተኛ ነገር፣ ብዙ ሐበሻ አያውቀውም። ቨርጂኒያ ውስጥ ሲሲሲ ፕላስ የሚባል ሌላ ዌቨር አለ፤ ተጠባባቂ ዝርዝር የለውም። ዲዲውን እየጠበቃችሁ በእሱ መጠቀም ትችላላችሁ። የአካባቢው ጤና ቢሮና የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ናቸው የሚገመግሙት። ቤት መጥቶ የሚያግዝ ሰው ይሰጣል፤ ወላጅ እንዲያርፍ ደግሞ በዓመት እስከ 480 ሰዓት ለተተኪ ተንከባካቢ ይከፍላል። ሁሉም ልጅ አያልፍም፤ የነርስ ክትትል የሚያሻው የጤና ጉዳይ እንዳለ ይጠይቃሉ። ሞክሪው።

የባለቤትሽ ደሞዝ እንዳያሳስብሽ፤ ለዌቨር የሚታየው የልጁ ገቢ ነው። ይህ የመጣው በ1981 ነው። አዮዋ ውስጥ ኬቲ ቤኬት የምትባል ሕፃን ሆስፒታል ከተኛች ሜዲኬድ ይከፍልላታል፤ ቤቷ ከገባች ግን አይከፍልም ነበር። ፕሬዚዳንት ሬገን በአደባባይ አነሱት፤ ሕጉም በዚያው ዓመት ለክልሎች ከደንቡ ውጭ ቤት ውስጥ መክፈልን ፈቀደ። ዌቨር የተባለውም ደንቡ ስለ ተነሳ ነው። ነገር ግን ክልሎች ለስንት ሰው እንደሚሰጡ በቁጥር መወሰን ይችላሉ። ተቋም ውስጥ መግባት መብት ሆኖ ሳለ ቤት መኖር ወረፋ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

በየዓመቱ የሚመጣውን ቅጽ ደግሞ ፈርመሽ መልሺ። ካልመለስሽ ከዝርዝሩ ትወጫለሽ። አድራሻ ከቀየርሽ ንገሪያቸው።

አስተርጓሚ ነኝ፦

ከላይ የተጻፈውን ሳነብ ያ የስልክ ድምፅ እኔ ልሆን እንደምችል አሰብኩ። ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። የእኛ እናቶች «ተመስገን ደህና ነው» ሲሉ ከበስተጀርባ ዕቃ ሲሰበር፣ ልጅ ሲጮኽ እሰማለሁ። ሥራዬ ግን የተባለውን መተርጎም ነው። «ደህና ነው» ከተባልኩ «ደህና ነው» እላለሁ፤ «የሐበሻ ደህና ነው እንዲህ አይደለም» ብዬ የመጨመር መብት የለኝም። አንድ ጊዜ ስልኩን ዘግቼ አልቅሻለሁ።

እህቴ፣ ሁለት ነገር ልበልዎ። በሚቀጥለው ጊዜ በአካል የሚገኝ የአማርኛ አስተርጓሚ አስቀድመው ይጠይቁ። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት የቋንቋ እርዳታ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ደብዳቤውንም እንዲያስነብቡዎት መጠየቅ ይችላሉ። ዘመድ ወይም ትልቅ ልጅ እንዲያስተረጉም አያድርጉ፤ ዘመድ ፊት ክንድዎን አያሳዩም። ሁለተኛው፣ ጥያቄው ሲመጣ ከምስጋናው በፊት የሆነውን ይናገሩ። «ትናንት ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሳሁ?» ብለው ራስዎን ጠይቀው ቁጥሩን ይንገሯቸው። እግዚአብሔርን ከዚያ በኋላ ማመስገን ይቻላል።

ከሂውስተን፦

የዳላስ ወንድምሽ ቤት ርካሽ ነው ማለቱ እውነት ነው። ተራችሁ ግን አይከተላችሁም፤ እያንዳንዱ ክልል የራሱ ዝርዝር አለው፤ እዚህ ስትመጪ ከዜሮ ነው።

ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ እውነተኛ ሰልፍ ነው። ስም ያስመዘገብሽበት ቀን ይያዛል፤ ብቁ መሆንሽ የሚጣራው ተራሽ ሲደርስ ነው። ልጄን ያስመዘገብኳት በአራት ዓመቷ፣ ዳይፐር ሳለች ነው። አሁን አሥራ ሰባት ሞልቷታል፤ እስካሁን አልደወሉልንም። ኤች ሲ ኤስ የሚባለውን የቴክሳስ ዌቨር ከአሥር ዓመት በላይ መጠበቅ እዚህ የተለመደ ነው። እኛ ሴቶች ስንገናኝ «ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?» ሳይሆን «መቼ አስመዘገብሽ?» ነው የምንጠያየቀው።

ካሊፎርኒያ ሌላ ነው፤ በ1969 በወጣ ሕግ ብቁ የሆነ ሰው አገልግሎት ማግኘት መብቱ ነው፤ የቤት ኪራዩን ግን ራስሽ ቻዪው። በ1999 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጆርጂያ ሁለት ሴቶች ጉዳይ ላይ ሰውን ያለ በቂ ምክንያት ተቋም ውስጥ ማስቀመጥ አድልዎ ነው ብሎ ፈርዷል። በዚያው ላይ ክልሉ የተጠባባቂ ዝርዝሩ በተገቢ ፍጥነት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሊከላከል እንደሚችል ጠቆመ። ተገቢ ፍጥነት ስንት ዓመት እንደሆነ አልተናገረም። አሥራ ሦስት ዓመት ይሆን?

ባለሽበት ቆዪ።

እማማ ከሲያትል፦

ልጆቼ፣ አትቆጡኝ። ደብተር ገዝቶ የልጅን ክፉ ክፉ ብቻ መጻፍ ለእኔ ሟርት ይመስለኛል። ያ ልጅ ነገ አድጎ ቢያነበውስ? እኛ ስምንት ልጅ ስናሳድግ ቅድሚያ አንድ፣ ቅድሚያ ሁለት የሚባል አልነበረም፤ ጎረቤት ነበር። በጸበልም የዳነ አውቃለሁ።

የአንድ ልጅ እናት (ሰሜን ቨርጂኒያ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እማማ፣ የእርስዎ ቃል ነው ሁለት ቀን እንቅልፍ የነሳኝ፤ ምክንያቱም እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው። ጸበል ወስጄዋለሁ፤ ወደፊትም እወስደዋለሁ። ግን ጎረቤት ያሉት እዚህ የለም። ከጎናችን ያለው ሰውዬ ስሜን አያውቅም፤ ልጄ ሲጮኽ ግድግዳውን ሲደበድብ ብቻ ነው የምንገናኘው። ኦቲዝም የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት አዲስ አበባ እያለሁ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ስለ ልጃቸው በአደባባይ ሲናገሩ ነው። ያን ጊዜ «ምን ዓይነት ደፋር ሴት ናት» ብዬ ነበር። ያኔ ልጅ አልነበረኝም።

ደብተሩን ገዛሁ። ክፉውን ብቻ አልጻፍኩም። ሐሙስ ሌሊት ያለውን ልቅዳላችሁ፦ «ሰባት ሰዓት ተነሳ። የበሩን ሁለተኛ ቁልፍ በማንኪያ ሊከፍት ሞከረ። ስይዘው ቀኝ እጄን ነከሰኝ፤ ደማ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻወር ውስጥ አስገባሁት፤ ውሃው ሲነካው ሳቀ። አሥር ሰዓት ከሩብ ተኛ። እኔ አልተኛሁም፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሥራ ነበረኝ።» አድጎ ቢያነበው ያ ሳቅም ተጽፏል።

ደወልኩ። መጀመሪያ ያነሳችው ልጅ «ቅድሚያ ሦስት ነው እኮ የሚለው» አለችኝ። «አውቃለሁ፣ ለዚያ ነው የደወልኩት» አልኳት። ይህን በእንግሊዝኛ በማለቴ ራሴን ወደድኩት። በሚቀጥለው ማክሰኞ ይመጣሉ፤ አስተርጓሚውም በአካል እንደሚገኝ ነግረውኛል። ባለቤቴ ጋቢውን ከሶፋው ላይ አንሥቶ አጣጥፎታል፤ መቀርቀሪያውንም ወደ ቦታው መልሶታል። ቡናውን ግን አላስቀርም፤ እንግዳ እንግዳ ነው።

የሪችመንዱ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ፦ ለሲሲሲ ፕላስ ስደውል የሐኪም ወረቀት አስቀድሜ መያዝ ይኖርብኛል? የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይወስዳል፤ ከላይ መጻፉን ረስቼዋለሁ።

የሁለት ልጆች አባት (ሪችመንድ)፦

እንዴት እሱን ትረሻለሽ! እሱን ነው በመጀመሪያ የምትነግሪያቸው። መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም የምርመራውን ውጤት፣ የመድኃኒቱን መጠንና መናወጡ በምን ያህል ጊዜ እንደሚመጣ ጽፎ ይስጥሽ፤ ግልባጩን ለማክሰኞዎቹም አሳዪ። ደብተሩ ላይም ዛሬ ማታ ጀምረሽ መናወጡን ከነሰዓቱ ጨምሪበት።