ሂፕኖሲስ ለሩጫ ይጠቅማል?

የጅሬኗ፦ ሰላም ናችሁ? ጅማ ነው የምሮጠው፣ 1500 ሜትር። የጅሬንን ዳገት ልምምድ ላይ የሚቀድመኝ የለም። ውድድር ላይ ግን የመጨረሻው ዙር ደወል ሲጮህ ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ይወጣል፣ እጄ ይጨበጣል፣ በቃ አለቀልኝ። ጓደኛዬ «ሂፕኖሲስ ሞክሪ» አለችኝ። እማዬ ሰምታ «ጠንቋይ ቤት ልትሄጂ ነው?» ብላ ቤቱን ቀወጠችው። የሞከረ አለ?

ጋሼ አሰልጣኝ፦ እናትሽን አረጋጊያቸው። ጥንቆላ አይደለም፣ እንቅልፍም አይደለም። ሰውነት ዘና ብሎ ሐሳብ አንድ ነገር ላይ የሚሰበሰብበት ሁኔታ ነው። ግን የሰለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። እኔ በዓይነ ሕሊና ማየትን አስቀድማለሁ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ማታ ጋደም በይ። ደወሉን ስሚ። ትከሻሽን አውርጂ፣ ጣቶችሽን ፍቺ፣ ትንፋሽሽን አዳምጪ። ራስሽን እንደ ቲቪ ከውጭ አትመልከቺ፤ ከራስሽ ዓይን እዪው። ዙሩንም በእውነተኛው ፍጥነት ሩጪው፣ አታሳጥሪ። ስታሸንፊ ብቻ ሳይሆን ስትቀደሚ ምን እንደምታደርጊም እዪ። ብዙዎች ይህቺን ይዘሏታል።

ዋናተኛው፦ ጋሼ ልክ ናቸው። አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ እኮ ውድድሩን ከነችግሩ በሐሳቡ ይለማመድ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ላይ፣ በ200 ሜትር ቢራቢሮ ዋና፣ መነጽሩ ውሃ ሞላ። ምንም አይታየውም። ቀዘፋውን እየቆጠረ ጨረሰ፤ ወርቅ፣ ያውም በዓለም ክብረ ወሰን፣ 1፡52.03።

የጅሬኗ፦ አመሰግናለሁ ጋሼ። ግን ጋደም ካልኩ ደወሉ ሳይደወል እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል 😂

ጋሼ አሰልጣኝ፦ እንግዲያው ስፓይክሽን፣ ባለ ሹል የሩጫ ጫማሽን፣ አድርገሽ፣ መነሻው መስመር ላይ ቆመሽ ሞክሪው።