የስልኩን ፕሮፖዛል ከምን እንጀምር? (ደሴ፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት)

ጸሐፊ፦ ሰላም ናችሁ ጎበዝ፣ ስለ ተማሪዎች የስልክ አጠቃቀም በምናዘጋጀው ፕሮፖዛል ረቂቅ ላይ እስካሁን ያለው «ተማሪ ስልክ ይዞ ግቢ አይግባ» የሚል ነጥብ ብቻ ነው፣ እሱም ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 ተማሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ስልክ እንዳይጠቀም በህግ ከልክላለች ተብሎ ነው የገባው። የሚጨመር ካለ እስከ ሐሙስ ጻፉ።

የሆጤዋ እናት፦ ኧረ ጋሼ ግቢማ ጥበቃው ይሰበስባል፣ ችግሩ ማታ ነው እኮ! የኔዋ 8ኛ ክፍል ናት፣ ባለፈው ውሃ መጣች ብዬ ጀሪካን ልሞላ ሌሊት 8 ሰዓት ስነሳ ጋቢዋ ስር ብርሃን አየሁ፣ ቲክቶክ። ጧት ዳቦው እጇ ላይ እንዳለ ቁጭ ብላ ተኝታለች ሻዩም በረደ።

መምህር (ባዮሎጂ)፦ አንደኛ ፔሬድ ግማሹ ዴስክ ላይ ነው ሚተኛው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት፣ በዛ ዕድሜ ደሞ እንቅልፍ በተፈጥሮው አምሽቶ ነው የሚመጣ፣ ቪዲዮ ሲጨመርበት አስቡት። አእምሮ ቀን የተማረውን የሚያደላድለው ተኝቶ ስለሆነ ያልተኛ ልጅ የትናንቱም ይጠፋበታል።

የጢጣው አባት፦ ቲቸር አይቆጡኝና ስልኩን ማን አስገዛን? በ2012 በኮሮና ትምህርት ሲዘጋ ወርክሺት በቴሌግራም ነው ተባለ፣ ሁለት ሙክት ሸጬ ገዛሁ። አሁንም አሳይመንት ማታ 3 ሰዓት ይለቀቃል፣ አምጣ ስለው «አሳይመንት እየጠበቅኩ ነው» ይለኛል፣ ምን ልበል? ታላቅየው ደሞ የድሮ ማትሪክ ጥያቄ የሰራው በሱ ነው፣ ጭራሽ ይከልከል ካላችሁ እኔ የለሁበትም።

መምህር፦ እሱስ ልክ ነዎት፣ የኛም ጥፋት አለበት። ይግባ፣ አሳይመንት ክፍል ውስጥ በቾክ ይጻፍ፣ ቴሌግራም ላይ ከተለቀቀም ከ12 ሰዓት በፊት።

የሆጤዋ እናት፦ ማታ 3 ሰዓት ደሞ የቤቱ ስልክ ሁሉ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ፣ የኔም የአባትየውም። እኛ ፌስቡክ ላይ አፍጥጠን ተኙ ብንል ማን ይሰማናል።

የቀድሞ ተማሪ፦ ቲክቶክ ራሱ ከ13 ዓመት በታች አይፈቅድም፣ የልደት ዓመት ዋሽተው ነው የሚከፍቱት። ፋሚሊ ፔሪንግ የሚባል ሴቲንግ አለው የወላጅና የልጅ አካውንት አያይዞ ሰዓት ይገድባል፣ በወላጆች ቀን አሳያለሁ።

የጢጣው አባት፦ የኔ ቀፎ ባለ በተን ነው፣ ምኑን ላያይዝ 😂

ጸሐፊ፦ እሺ የማታው አንደኛ፣ አሳይመንቱ ሁለተኛ፣ የግቢው ሶስተኛ ወረደ። ቲቸር ማክሰኞ ስታፍ ላይ ያንሱልን፣ መምህራኑ ሳይሰሙት ብናቀርበው ይጣላሉ።

የሆጤዋ እናት፦ አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖረውስ ጋሼ? ሳሎን ከየት ያምጣ?

ጸሐፊ፦ እውነት ነው እትዬ፣ «ከአልጋ ራቅ ተደርጎ» ብዬ ቀየርኩት።