«በሽታ የመከላከል አቅም ያሳድጋል» የሚለው ጽሑፍ ከቫይታሚን ብልቃጥ ላይ ይነሳ?

አወያይ፦ የቫይታሚንና የማዕድን እንክብሎች ብልቃጥ ላይ «በሽታ የመከላከል አቅም ያሳድጋል» ተብሎ ይጻፋል። በሕግ ይከልከል ወይስ ይቆይ? ከነምክንያታችሁ። ስድብ አጠፋለሁ።

ፋርማሲስቷ፦ ይከልከል። ከባንኮኒ ጀርባ ስቆም የምሰማው ያንኑ ነው፤ «ኢሚውኒቲ የሚጨምር ስጪኝ።» በቀደም አንድ ሰውዬ የሚወስዳቸውን ሦስት ብልቃጦች ይዞ መጣ። ገልብጬ ጀርባቸውን አነበብኩለት። ሦስቱም ዚንክ አለባቸው፤ ሲደመር በቀን 65 ሚሊግራም። በአሜሪካ መመሪያ የአዋቂ ጣሪያ 40 ነው። ዚንክ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ሰውነት መዳብ እንዳያገኝ ያደርጋል። መዳብ ሲያንስ ነጭ የደም ሴሎች ይቀንሳሉ። እንግዲህ ተከላካይ ይጨምርልኛል ብሎ የገዛው፣ ያሉትንም ሊያሳንስበት ነው።

ሯጩ፦ ይቅርታ እህቴ፣ አልስማማም። ማራቶን እሮጣለሁ። ልምምድ ሲከብድ ጉንፋን አይለቀኝም ነበር። ቫይታሚን ሲ ከጀመርኩ ወዲህ ተገላገልኩ። በራሴ ያየሁትን ማን ያስተባብለኛል?

የሕክምና ተማሪው፦ ወንድሜ፣ የሚገርመው አንተ ልክ ልትሆን ትችላለህ። ኮክሬን የሚባለው ድርጅት ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ገምግሟል። ማራቶን ሯጮች፣ የበረዶ ሸርተቴ ስፖርተኞችና በብርድ የሚሠለጥኑ ወታደሮች ላይ ቫይታሚን ሲ ጉንፋን የመያዝ ዕድልን በግማሽ ያህል ቀንሷል። እንደኔ ወንበር ላይ የሚውለው ግን ዘወትር ቢወስድም ያው ይይዘዋል። በአዋቂ ላይ የጉንፋኑ ቆይታ የሚያጥረው 8 በመቶ ገደማ ነው። የ7 ቀን ጉንፋን ግማሽ ቀን ቢቀንስ ነው። ካስነጠሱ በኋላ መጀመርማ ወጥ የሆነ ጥቅም አልታየበትም። ብልቃጡ ላይ ደግሞ «ለሯጮች» አይልም።

ቫይታሚን ሲ ጉንፋን ይከላከላል የሚለውን እንዲህ ያስፋፉት ላይነስ ፖውሊንግ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1970። በኬሚስትሪና በሰላም ሁለት ኖቤል የወሰዱ ሰው ናቸው። እንደዚያ ያለ ሰው ሲናገር ማን ደፍሮ ይከራከራል?

የሦስት ልጆች እናት፦ ሁሉም ሰው በልቶ ያደረ አስመሰላችሁት። ቫይታሚን ኤ ያጠረውን ሕፃን ኩፍኝና ተቅማጥ ይበረታበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እጥረቱ በሰፋባቸው ቦታዎች ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት እንዲሰጥ የሚመክረው በዋዛ አይደለም። ጽሑፉን ስታነሱት የሚያስፈልገውም ሰው ይሸሻል።

ፋርማሲስቷ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ያጠረው ይውሰድ። ግን «እጥረት ይሞላል» ሌላ፣ «አቅም ያሳድጋል» ሌላ። የጎደለ ማሰሮ ይሞላል። የሞላው ላይ ሲጨምሩ ይፈሳል።

ታማሚው፦ እኔን የሚያናድደኝ «ያሳድጋል» የሚለው ቃል ራሱ ነው። የኔ መከላከያ ከልክ በላይ ትጉህ ሆኖ የገዛ መገጣጠሚያዬን ነው የሚያጠቃው። ጠዋት ጣቶቼ አይታጠፉም። የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ልጄ ናት። ሐኪሜ የሚያዝልኝ መድኃኒት ይህንኑ መከላከያ የሚያለዝብ ነው። ታዲያ እኔ ምኑን ላሳድግ?

የሕክምና ተማሪው፦ ጥሩ ነጥብ ነው። ትኩሳቱም ንፍጡም በአብዛኛው የመከላከያው ሥራ ነው። ሲጨምር ሁሌ ጥሩ አይደለም።

ከእንክብል ይልቅ ስለ እንቅልፍ ብናወራ ይሻል ነበር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት ለ164 ጤነኛ ሰዎች የጉንፋን ቫይረስ አፍንጫቸው ውስጥ ጠብ ተደረገላቸው። በሌሊት ከ6 ሰዓት በታች የሚተኙት ከ7 ሰዓት በላይ ከሚተኙት ይልቅ ጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው 4 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ።

የሌሊት ሠራተኛው፦ «ተኛ» ማለት ቀላል ነው። እኔ በአራት ዓመት ውስጥ 6 ሰዓት የተኛሁባቸው ቀናት በጣት ይቆጠራሉ። እንክብል የምገዛው ሞኝ ሆኜ አይደለም፤ ከምግብ ቤትም ከአልጋም ይልቅ ፋርማሲው ክፍት ሆኖ ስለሚጠብቀኝ ነው። አሁንም ሁለት ብልቃጥ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ፋርማሲስቷ፦ ጀርባቸው ላይ ዚንክ ስንት ይላል?

የሌሊት ሠራተኛው፦ ቆይ… አንዱ 25፣ አንዱ 30።

ፋርማሲስቷ፦ በል አንዱን ተወው። እረፍት ያለህ ቀን ደግሞ ስልክህን አጥፍተህ ተኛ።