ላታ ወይስ ራፊ? ዘፋኝ ሮያሊቲ ይገባዋል አይገባውም (ክርክር)

ሚኪ ፒያሳ፦ እሺ ቤተሰብ የዛሬው ክርክር ስለ ላታ ማንጌሽካር ነው፣ እንዳትሰዳደቡ ብቻ። ለማያውቅ ባጭሩ፦ የህንድ ፊልም ላይ አክትረሷ አፏን ታንቀሳቅሳለች እንጂ ሚዘፍነው ሌላ ሰው ነው፣ ቀድሞ ስቱዲዮ ገብቶ ይቀዳል። ላታ ከ1940ዎቹ ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የስንቷ አክትረስ ድምፅ ነበረች። 60ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከዲስክ ሽያጭ ለዘፋኙም ፐርሰንት (ሮያሊቲ ሚባለው) ይድረሰው ብላ ተነሳች፣ አብሯት ሚዘፍነው ታዋቂው ዘፋኝ መሐመድ ራፊ ደሞ ዘፋኝ የዘፈነበትን ከተቀበለ በኋላ ሌላ መጠየቅ የለበትም አለ፣ ተኳረፉና ለዓመታት አብረው ሳይዘፍኑ ቀሩ። ማን ልክ ነበር? እኔ ራፊ እላለሁ።

ሐያት፦ ራፊ?? ባክህ ሚኪ። ሰውየው ደግ ነው አልክድም፣ ብር የሌለው ፕሮዲውሰር ሲመጣበት በ1 ሩፒም ይዘፍን ነበር ይባላል፣ ግን የሱ ደግነት ለምን ለሌላው ዘፋኝ ሕግ ይሆናል? ዲስኩ ስንት ዓመት ሲሸጥ ሰው ሚገዛው ድምፁን ብሎ ነው እኮ፣ ካምፓኒው ያገኛል ፕሮዲውሰሩ ያገኛል ትልልቆቹ የዜማ ደራሲዎችም ይደርሳቸዋል፣ ዘፋኙ ብቻ የዕለቱን ክፍያ ይዞ ወደ ቤቱ። ደሞ ይሄን ልጨምርልህ፣ በ1949 ማሃል ሚባለው ፊልም ወጥቶ አንዱ ዘፈን ሀገር ምድሩን ሲያነቃንቅ ዲስኩ ላይ የተፃፈው የዘፋኝ ስም ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ካሚኒ። ካሚኒ ማለት ማዱባላ የተጫወተችው ካራክተር ናት፣ የሌለች ሴት! ህዝቡ ይቺ ማናት እያለ ሬድዮ ጣቢያውን በደብዳቤ ሲያጨናንቀው ነው ላታ መሆኗ የተነገረው። ስሟን እንኳን በስንት መከራ ያገኘችን ሴት ፐርሰንት ጠየቀች ብሎ መቀየም አይከብድም?

ጋሽ ወርቁ፦ እኛ በወጣትነታችን የህንድ ፊልም ስናይ ዘፋኟ ሌላ መሆኗን ማን ነግሮን፣ አክትረሷ ናርጊስ ራሷ ምትዘፍን ነበር ሚመስለን። ሐያት ልጄ ልክ ብለሻል። ፊልምፌር ሚባለው ሽልማታቸው ለዜማ ደራሲ እየሰጠ ለዘፋኝ ግን አልነበረውም። አንዴ ላታን ያሸነፈውን ዘፈን መድረክ ላይ ዝፈኚልን ቢሏት እምቢ አለች፣ ሽልማቱ ለዜማው ብቻ ከሆነ ዜማውን በመሳሪያ አሰሙ ብላ። በኋላ በ1959 ለዘፋኝም ተጀመረና የመጀመሪያውን ራሷ ወሰደች። ራፊም እኮ ያንኑ ሽልማት 6 ጊዜ ወስዷል፣ እሷ ተጣልታ ባስከፈተችው በር ገብቶ ማለት ነው።

ኤፍሬም፦ ቆይ ቆይ፣ ሚስኪን አደረጋችኋት። አባቷ በ1942 ሲሞት የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፣ አራት ታናናሾቿን ዘፍና ነው ያሳደገችው፣ እሺ፣ ለዛ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። 60ዎቹ ላይ ግን ንግስት ነበረች። ሱማን ካልያንፑርን እዚ ማን ያውቃታል? ድምፅዋ ከላታ ጋር ስለሚመሳሰል እስካሁን ዘፈኖቿን ሰው የላታ ናቸው ይላል። ሁለቱ ሲኳረፉ ከራፊ ጋር ዱየት እንድትዘፍን የተጠራችው እሷ ናት፣ ሲታረቁ ስራው ወደ ላታ ተመለሰ። ቫኒ ጃይራምም በ1971 ጉዲ ሚባል ፊልም ላይ ዘፍና ገነነች፣ ግን ትልቅ ሰው የሆነችው ደቡብ ህንድ ሄዳ ነው። ላታና እህቷ አሻ ቦስሌ ሌላ ዘፋኝ አላስደርስ አሉ ሚባለው ወሬ ዝም ብሎ ከሜዳ አልመጣም።

ሐያት፦ ላታ ክዳዋለች እሱን። ሚወራና የተረጋገጠ ይለያያል ኤፊ። ዘፋኝ ሚመርጠው ፕሮዲውሰሩና የዜማ ደራሲው ነው፣ የዜማ ደራሲው ኦፒ ናያር አንድም ዘፈን ለላታ ሳይሰጥ ስንት ሂት ሰርቷል፣ ስለዚ የፈለገ ይችል ነበር።

ኤፍሬም፦ ናያር አንድ ሰው ነው! ሌላው ሁሉ እሷን ላለማስቀየም አይደል እንዴ ሚሰጋው። ደሞ ዋናውን ነገር ዘለላችሁት፣ ሮያሊቲውን ለዘፋኝ ሁሉ ብላ ጀመረችው እንጂ ድርድሩ ለራሷ ነው የሆነው። ከፊልም ሰሪው ራጅ ካፑርም ጋር በዚሁ ጉዳይ ተቀያይማ የ1970ውን የጆከር ፊልሙን አልዘፈነችለትም፣ በ1973 ቦቢ ላይ ተመለሰች። እሷ ተመለሰች። ኮረስ ላይ የቆመችው ልጅስ ምን አገኘች?

ሐያት፦ ብቻዋን አልነበረችም፣ ዘፋኞቹ እነ ሙኬሽና ታላት ማህሙድም ከሷ ጋር ነበሩ። ራፊን የሚያህል ሰው ያኔ አብሯቸው ቢቆም ኖሮ ለኮረሷም ልጅ ይደርስ ነበር፣ እኔን ሚያናድደኝ እሱ ነው።

ቤቲ ዲሲ፦ ጭቅጭቁን እኮ ሕጉ ዘግቶታል። በ2012 የህንድ ፓርላማ የኮፒራይት ሕጉን ሲያሻሽል ለገጣሚና ለዜማ ደራሲ ብቻ ሳይሆን ለዘፋኝም የሮያሊቲ መብት ሰጠ፣ በ2013 ዘፋኞቹ ሰብሳቢ ማህበር አቋቋሙ። 50 ዓመት ዘግይቶ ላታ ያለችው ሆነ። ራፊ በ1980 በ55 ዓመቱ ሞቶ ስለነበር አላየውም።

ሚኪ ፒያሳ፦ እና የሞተን ሰው ምን አስፈለጋት? በዛው በ2012 ራፊ የይቅርታ ደብዳቤ ፅፎልኝ ነበር ብላ ስትናገር የራፊ ልጅ ተቆጥቶ ደብዳቤውን አሳዩኝ አለ። ጊነስ ላይም 25,000 ዘፈን ቀድታለች ተብሎ ተመዝግቦላት ራፊ በህይወት እያለ ተቃውሞታል፣ በኋላ ከመዝገቡ ወጣ። በ2022 ስትሞት ሀገሩ ሁለት ቀን ሀዘን አወጀላት፣ ይገባታል፣ ግን ቅድስት አታድርጓት።

ጋሽ ወርቁ፦ ሚኪ፣ የራፊም ቁጥር እኮ ያው የተጋነነ ነው፣ እሱም 28,000 ምናምን ብሎ ነበር። ቁጥሩን ተዉት።

ኤፍሬም፦ ላታ የህንድን ትልቁን የክብር ሽልማት ባራት ራትናን በ2001 ስትሸለም ሱማን ከሱ የሚያንሰውን ፓድማ ቡሻን ያገኘችው በ2023 ነው፣ 80 ካለፋት በኋላ። ብራህማቻሪ ሚባለውን የ1968 ፊልም ፈልጉና ከራፊ ጋር የዘፈነችውን ስሙት፣ ከዛ ማን ማንን እንደበደለ እናወራለን። ላታ ናት ብሎ ሚመለስ ካለ ግን ከኔ ጋር አይነጋገርም 😂