ክርክር፦ ጣና ዳር የሚሠራ ሕንፃ ክብ ጣሪያና የጎንደር ጥርስ ግዴታ ይሁንበት?

ቋሚና ማገር፦ አቋሜን ላስቀምጥ። ሐይቁ ዳር የሚሠራ ሆቴልም ሆነ ቢሮ የፊት ገጽታው የአካባቢውን ቅርፅ እንዲይዝ መመሪያ ያስገድደው፤ ክብ ጣሪያ ወይም የፋሲል ግንብ ጥርስ (በግድግዳው ጫፍ እንደ ጥርስ የተደረደረው)። አለዚያ ባሕር ዳር መስታወትና አሉሚኒየም ብቻ ሆና ትቀራለች። ጌጥ አልባውን ሞደርኒዝም ተቃውሞ ጌጥንና የቆየ ቅርፅን የመለሰው የሕንፃ ስልት፣ ፖስትሞደርኒዝም፣ የተነሳው ለዚሁ ነው፤ የሞደርኒዝሙ አርክቴክት ሚስ ቫን ደር ሮ «ሲያንስ ይበዛል» ሲሉ አርክቴክት ሮበርት ቬንቹሪ «ሲያንስ ይሰለቻል» ብለው መለሱ።

ፌሮ፦ ወንድሜ፣ ከቅርፁ በፊት ውሃውን እናስብ። የፋሲል ጥርስ የወፍራም ድንጋይ ግድግዳ ጫፍ ነው። ዛሬ የሚሠራው ብሎኬትና ልስን ነው፤ ከጀርባው የቆርቆሮ ጣሪያ ይደበቃል፣ ውሃው በመሃል ወደተዘረጋ የላሜራ አሸንዳ ይወርዳል። 200 ካሬ ጣሪያ ላይ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ከዘነበ በየሰከንዱ ከ3 ሊትር በላይ ይመጣል። 20 ሜትር አሸንዳ በ1 በመቶ ተዳፋት ጫፉ ላይ 20 ሳንቲም መውረድ አለበት፤ ይህን ጥልቀት የሚተውለት ጥቂት ነው። መውረጃው በቅጠል ሲደፈን ውሃው ኮርኒስ ላይ ያርፋል። ጥርሱ የግድ ከሆነ በግድግዳው በኩል ወደ ውጭ የሚያፈስ፣ ከአሸንዳው የላይ ጠርዝ ዝቅ ያለ የትርፍ ውሃ መውጫ ይኑረው።

ዘጌ፦ ፖስትሞደርኒዝምም ራሱ በዚህ ተፈትኗል። አሜሪካ ያለው የአርክቴክት ማይክል ግሬቭስ የፖርትላንድ ሕንፃ (እ.ኤ.አ. 1982፣ 15 ፎቅ) ውጩ በቀለምና በጌጥ ዝነኛ ሆነ፤ መስኮቶቹ ግን ትንንሽ ስለነበሩ ውስጡ ጨለመ፣ ግድግዳውም ውሃ አስገባ። በ2020 ባለቀው እድሳት ውጩ በአሉሚኒየም ተሸፈነ።

ቋሚና ማገር፦ ሞደርኒዝሙስ? አሜሪካ ሴንት ሉዊስ የነበረው የኪራይ መኖሪያ ሰፈር ፕሩት አይጎ፣ እያንዳንዱ 11 ፎቅ የሆነ 33 ሕንፃ፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ፈረሰ። የሕንፃ ሐያሲው ቻርልስ ጄንክስ የሞደርን አርክቴክቸር ሞት ብሎታል።

ኮርኒስ፦ ያን ውድቀት ለቅርፁ ብቻ መስጠት ልክ አይደለም። ጥገናው ከኪራይ እንዲሸፈን ተደርጎ ነበርና ነዋሪው ሲሸሽ ገንዘቡም ደረቀ። ሊፍቱ በየ3 ፎቁ ብቻ መቆሙ ግን የአርክቴክቶቹ ጥፋት ነው። ደግሞ መስታወት ሣጥን ማለት ሞደርኒዝም ማለት አይደለም፤ የሞደርኒዝሙ አርክቴክት ሌ ኮርቡዚዬ የኮንክሪት የፀሐይ መከለያ የሠሩት በዚያው ዘመን ነው። በባሕር ዳር እናስላው። በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ወደ 55 ዲግሪ ከፍታ ላይ ናት፤ 1.5 ሜትር የሆነ የደቡብ መስኮት ሙሉ ጥላ እንዲያገኝ ከላዩ ወደ ውጭ 1.05 ሜትር የወጣ ክፈፍ ይፈልጋል። ሐይቁ ባለበት በሰሜን በኩል ግን በሰኔ ቀትር 30 ሳንቲም ገደማ ይበቃል፤ ጠዋትና ማታ ከጎን ለምትገባው የቆመ መከለያ ይጨመር። ስለዚህ ወደ ጣና ሰፊ መስኮት መክፈት ይቻላል፤ ምዕራቡን በመስታወት መሸፈን ነው ስህተቱ።

ዘጌ፦ የኔም ነጥብ ይኸው ነው። ጣና ዳር ዘጌ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን፣ ከውጭ የሚያይ ክብ ብቻ ያያል። ውስጡ መቅደሱ አራት ማዕዘን ነው፤ ቅድስቱና ቅኔ ማሕሌቱ ዙሪያውን ከበውታል፣ ጣሪያው ሁሉንም አልፎ ወርዶ ግድግዳውን ከዝናብ ይጠብቃል። ሥዕሎቹ ያሉት መሃል፣ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። ልንወስደው የሚገባን ይህን ጥላ የመደራረብ ጥበብ ነው።

ፌሮ፦ ለመኝታ ክፍል ግን ክቡ አይመችም። 6 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ክፍል ራስጌው 2 ሜትር የሆነ አልጋ ግድግዳው ላይ ሲጠጋ መሃሉ ላይ 17 ሳንቲም ክፍተት ይቀራል። ቁም ሳጥንም እንደዚያው። ሾጣጣ ጣሪያ በቆርቆሮ ሲሠራ ደግሞ እያንዳንዱ ቆርቆሮ በሽብልቅ ቅርፅ ይቆረጣል፤ ብክነቱ ይበዛል፣ የተቆረጠው ጠርዝ ዝገት ይጀምረዋል።

ቋሚና ማገር፦ ጥርሱን ልተው፣ አሳምናችሁኛል። መመሪያው የክፈፍ ስፋትና ዙሪያ በረንዳ በቁጥር ይጻፍ፤ በደቡብ ከ1 ሜትር ያላነሰ። ክቡን ግን ጨርሼ አልተውም። ክብ አዳራሽና መመገቢያ አልጋ አይገባበትም፣ ሰው ፊት ለፊት ይተያያል። ለእነሱ ለምን አይፈቀድም?

ኮርኒስ፦ ይፈቀድ። ግዴታ አይሁን።