ኖኪያ 770 አርማው ላይ ደርሶ እንደገና ይነሳል፤ ውስጡ ያለውን ሳላጣ ማዳን ይቻላል?

ጠያቂ፦ ዝናብ

ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ዘንድ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የኖረ ኖኪያ 770 እጄ ገብቷል። ያ እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ የወጣው፣ ተንሸራታች ብረት ክዳን ያለው የኢንተርኔት ታብሌት። ሁለት ቀን ምንም ሳይል ሠራልኝ። በሦስተኛው ቀን ካርዱ ላይ የነበሩ ዘፈኖችን ወደ ራሱ ወደ መሣሪያው ማስታወሻ መገልበጥ ጀመርኩ። ካርድ እየቀያየርኩ ገለበጥኩ፣ ገለበጥኩ፣ በመጨረሻ «ቦታ የለም» አለኝ። አጠፋሁት።

ከዚያ ወዲህ ሲበራ አርማው ይመጣል፣ ከሥሩ ያለው መስመር ወደ ማለቁ ይደርሳል፣ ስክሪኑ ጭልም ይልና ሀ ብሎ ይጀምራል። ግማሽ ሰዓት ብተወው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይኸው ነው።

እንደ አዲስ መጫን እንደሚቻል ሰምቻለሁ። ግን አጎቴ «ስኬች» በሚለው ፕሮግራም በብዕሩ የሣላቸው ሥዕሎች ውስጡ አሉ፣ እነሱን ማጣት አልፈልግም። በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ምንም አይታይም። ደህና በነበረበት ጊዜም የሚታየው ካርዱ ብቻ ነበር። ደግሞ ሲም ካርዱ የት ነው የሚገባው? ዙሪያውን ፈልጌ አጣሁት።

መልስ፦ ብየዳ

ወንድሜ፣ ሲም የለውም፤ ስልክ አይደለም። ወይ በዋይፋይ ወይ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ተገናኝቶ ነው ኢንተርኔት የሚያገኘው።

ወደ ችግሩ ስንመጣ፣ ከሁሉ በፊት ባትሪ። ቢፒ-5ኤል የሚባለው ባለ 1500 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ተቀምጦ የደከመ ባትሪ መሣሪያው ሲነሳ ኃይል ሲጠየቅ ሊወድቅ ይችላል፤ ያኔም ልክ እንዲህ ደጋግሞ ይነሳል። ቻርጀሩን በቀጭኗ ክብ ቀዳዳ ሰክተህ ደህና አድርገህ ሙላው። በዩኤስቢ ገመድ አይሞላም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ባትሪውንም አውጥተህ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ በጣትህ አሽከርክረው። ጠፍጣፋ ከሆነ ወዲያው ይቆማል። እንደ እንዝርት ከዞረ አብጧል ማለት ነው።

መልስ፦ ዝናብ

እህትህ ነኝ 🙂 ሌሊቱን ሙሉ ሞላሁት። ያው ነው። ማሽከርከሩን ገና አልሞከርኩም።

መልስ፦ ጥቁር መስኮት

እህቴ፣ የባትሪ አይመስለኝም፤ ራስሽ ነግረሽናል እኮ፣ «ቦታ የለም» ብሎሻል። የ770 ፍላሽ (የውስጡ ማስታወሻ) ጠቅላላው 128 ሜጋባይት ነው፣ ከዚያ ላይ ሥርዓተ ክወናው ራሱ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። የአንቺ ፋይልና የሥርዓቱ ፋይል ደግሞ ግድግዳ የላቸውም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚኖሩት። አንቺ ስትሞዪው እሱም መተንፈሻ አጣ። ፍላሸር በሚባለው መጫኛ ፕሮግራም ከኮምፒውተር እንደ አዲስ ጫኚበትና ተገላገዪ። ሥዕሎቹ ያሳዝናሉ፣ ግን ሌላ መንገድ አይታየኝም።

መልስ፦ የጥንቱ

ቆይ ቆይ፣ እንዳትጭኚበት! እንደ አዲስ ሲጫን የውስጡ ማስታወሻ በሙሉ ይጠፋል። የሚተርፈው ካርዱ ላይ ያለው ብቻ ነው።

ጥቁር መስኮት ምክንያቱን በትክክል አይቶታል፤ እኔ የምጨምረው ለምን እንደሚነሳ ነው። ፍላሹ የተደራጀበት የፋይል ስርዓት ጄኤፍኤፍኤስ2 ይባላል። ይህ ነገር የድሮውን ፋይል በቦታው አይደልዝም፤ ለውጥ በመጣ ቁጥር አዲሱን ሌላ ቦታ ላይ ይጽፍና አሮጌውን በኋላ ያጸዳል። ለማጸዳት ደግሞ ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል፣ ምክንያቱም በሕይወት ያለውን ወደዚያ አሻግሮ ነው አሮጌውን ክፍል የሚያጥበው። ባዶ ቦታ ሲያልቅ ማጽጃውም ይቆማል። ስለዚህ መሣሪያው ሲነሳ ፕሮግራሞቹ ትንሽ ነገር ሊጽፉ ይሞክራሉ፣ እምቢ ይባላሉ፣ ይወድቃሉ። «ላይፍጋርድ» የሚባል ጠባቂ አለ፤ አስፈላጊ ፕሮግራም ሲወድቅ ካየ መሣሪያውን ያስነሳዋል። የሚያስነሳብሽ እሱ ነው። በእሱ ቤት እየረዳሽ ነው።

እንግዲህ ጠባቂውን ዝም እናሰኘው። ሊኑክስ ያለበት ኮምፒውተር ያስፈልግሻል። ያ ፍላሸር ለ32 ቢት የተሠራ ስለሆነ፣ ኮምፒውተርሽ 64 ቢት ከሆነ የ32 ቢት ላይብረሪዎቹን ጨምሪለት። ታብሌቱ ጠፍቶ፣ ቻርጀሩ ተነቅሎ፣ ዩኤስቢው ይሰካ። ፍላሸሩን በሩት (በኮምፒውተሩ ዋና አስተዳዳሪ) ፈቃድ አስነሺው፤ የምትሰጪው ትዕዛዝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የአር ኤንድ ዲ (የሠሪዎች መሞከሪያ) ሁነታ ይብራ፣ «ኖ ላይፍጋርድ ሪሴት» የሚለው ምልክት ይቀመጥ። ትዕዛዙ ላይ ትንሿን የኤፍ ፊደል (-f) እንዳትጨምሪ! መጫኛዋ እሷ ናት። ፕሮግራሙ መሣሪያውን አላገኘሁትም፣ እየጠበቅሁ ነው ይልሻል። ያኔ የቤት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘሽ ታብሌቱን አብሪው።

ከተነሳልሽ መጀመሪያ ሥዕሎቹን ወደ ካርዱ ገልብጪ። ከውስጥ ማንበብ ባዶ ቦታ አይጠይቅም። መሰረዝ ከዚያ በኋላ ነው። ጄኤፍኤፍኤስ2 ላይ መሰረዝ ራሱ አንድ መስመር መጻፍ ስለሆነ መጀመሪያ ቢግደረደር አትደንግጪ፤ አንድ አንድ ዘፈን እያልሽ ሂጂ።

መልስ፦ ዝናብ

መጀመሪያ ሩት መሆኑን ረስቼ ፈቃድ የለሽም አለኝ። ሁለተኛው ላይ ቁልፉን ቶሎ ለቀቅሁት መሰለኝ። በሦስተኛው ያዘ።

ተነሳ! ግን ምን ዓይነት መነሳት፣ ከላይ ያሉት ምልክቶች ግማሹ የሉም፣ አንድ ነገር ስነካ እስኪሰማ ድረስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ፋይል ማኔጀሩ ግን ተከፈተ። ሥዕሎቹ 14 ነበሩ፣ ሁሉም ካርዱ ላይ ገብተዋል፣ ኮምፒውተሬ ላይም ከፍቼ አየኋቸው። አንዱ የእኔ ነው፤ ትምህርት ቤት ቦርሳ ይዤ። ይህን አላውቅም ነበር።

ዘፈኖቹን ስሰርዝ የመጀመሪያው እምቢ አለ፣ ሁለተኛው ሄደ፣ ከዚያ ተከታትለው ሄዱ። አጥፍቼ ሳበራው እንደ ድሮው ተነሳ።

መልስ፦ የጥንቱ

እሰይ! አሁን በዚያው መንገድ የአር ኤንድ ዲ ሁነታውን አጥፊው፤ ጠባቂው ሥራው ላይ ይመለስ። ለሌላ ጊዜ ከ10 ሜጋባይት በታች ባዶ ቦታ አታስቀሪበት። ሥዕሎቹን ስለያዝሽ አሁን እንደ አዲስ ብትጭኚበትም ጉዳት የለውም። አሮጌው የ2005 ስርዓት ከሆነ ያለው፣ የ2006ቱ ይሻላል፤ በጣት የሚጻፍበት ትልቁ የፊደል ሰሌዳ የመጣው ከእሱ ጋር ነው።

መልስ፦ ቀዮ

ዘፈኑን ካርድ ላይ አድርጊው እንጂ። ማይክሮ ኤስዲ በአስማሚ አስገቢበት፣ በቃ።

መልስ፦ ብየዳ

ቀዮ፣ አይገባም። ቀዳዳው የኤስዲ አይደለም፣ አርኤስ-ኤምኤምሲ የሚባል የሌላ ካርድ ዓይነት ነው፤ ኤስዲ ካርድ ይወፍርበታል፣ በግድ ብትገፊው የምትሰብሪው የታብሌቱን እግሮች ነው። ካርዱም በዝቅተኛ ቮልቴጅ ጭምር የሚሠራው፣ ባለ ሁለት ቮልቴጅ የሚባለው መሆን አለበት። አብሮት የሚመጣው 64 ሜጋባይት ካርድ ይህ ዓይነት ነው፣ ሌላ ስትፈልጊ እሱን ይዘሽ አመሳስዪ። ኤስዲ የሚቀበለው ተከታዩ ኤን800 ነው።

መልስ፦ ዝናብ

ተረዳሁ፣ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ብዙ ድረ ገጽ አይከፍትልኝም፤ አማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ባዶ ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየኝ።

መልስ፦ ጥቁር መስኮት

ለመጀመሪያው ብዙም ተስፋ አታድርጊ። አሳሹ ኦፔራ 8 ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ድረ ገጾች ቲኤልኤስ 1.2 (ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው ስልት) ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ፣ እሱ ሲሠራ ይህ ገና አልተወለደም። በዚህ ላይ 64 ሜጋባይት ራምና 252 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር ጨምሪበት። ባትሪው ሲወጣ ቀኑ ስለሚዛባ ግን ሰዓቱን አስተካክዪ፤ አንዳንዱ የሰርተፊኬት ጩኸት ከዚያ ነው። ለመጽሐፍ ንባብ ግን እስካሁን እወደዋለሁ፤ ኤፍቢሪደርን ጫኚበት፣ 800 በ480 ስክሪኑ በዚያ መጠን ላይ ፊደሉን ጥርት አድርጎ ነው የሚያሳየው።

አማርኛው ቀላል ነው። ፊደላችን እንደ አረብኛ እየተቀጣጠለ ቅርጹን አይለውጥም፣ ስለዚህ የኢትዮጵያ ፊደል ያለበት አንድ ፎንት ይበቃል። በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ በነጥብ የሚጀምር «ፎንትስ» የሚባል ድብቅ ፎልደር ፍጠሪና እዚያ አስቀምጪው፣ አጥፍተሽ አብሪ። መጠኑን እያየሽ ግን፤ ቦታ መቆጠብ አሁን ሃይማኖትሽ ነው።

መልስ፦ ዝናብ

ፎንቱ ሠራ! ብየዳ፣ ባትሪውን አሁን ጠረጴዛ ላይ አሽከረከርኩት። ሦስት ዙር ሄደ።

መልስ፦ ብየዳ

አውጪውና መልሰሽ አታስገቢው፣ አትጫኚው፣ አትብሺውም። የኤን800 እና የኖኪያ ኢ61 ስልክ ባትሪም ይኸው ቢፒ-5ኤል ነው፣ በዚያ ስም ፈልጊ።